ከበርሊን ወደ ኮሎኝ፦ በጀርመን የረጅም ርቀት ባቡር ወንበር ማስያዝ የግድ ነው? የትኛውንስ ወንበር ልምረጥ?

የበርሊኗ

ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ እናቴንና የሁለት ዓመት ልጄን ይዤ ከበርሊን ወደ ኮሎኝ በፈጣኑ ባቡር ለመሄድ፣ እሑድ አመሻሹ ላይ ደግሞ ለመመለስ አስቤአለሁ። እናቴ ከአገር ቤት ሊጠይቁኝ የመጡ ሲሆን፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቆሞ መሄዱ ቀርቶ ባዶ ወንበር ፍለጋ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ መዘዋወሩ እንኳ አይሆንላቸውም። ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎችና አንድ የልጅ ጋሪም አሉን።

ጥያቄውን የማነሣው አንድ ጊዜ ስለተማርሁ ነው። ባለፈው ዓመት ብቻዬን ከኮሎኝ ስመለስ፣ ቲኬት ከቆረጥሁ ወንበርም አብሮ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ባዶ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ እስከ ሃኖቨር በሰላም መጣሁ፤ ሃኖቨር ላይ የተሳፈረ አንድ ወጣት ግን ስልኩን እያሳየ ወንበሩ የእርሱ መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። ተነሣሁ፤ በዚያን ጊዜ ባቡሩ ጢም ብሎ ስለነበር እስከ በርሊን ድረስ በሩ አጠገብ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ደረስሁ። ከወንበሩ በላይ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ "ጌ ጌ ኤፍ" በሚል ምሕጻረ ቃል የሚጀምር ጽሑፍ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ የሚጠይቁት ሰውም አላገኘሁም።

አሁን ለሦስታችን ወንበር ማስያዝ እንደሚገባኝ ይሰማኛል። ሆኖም አንድ ወዳጄ "ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ሁልጊዜ ባዶ ወንበር አይጠፋም" አለችኝ። በሌላ በኩል ደግሞ በስልኬ ላይ ቦታ ለማስያዝ ስሞክር ጸጥታ ያለበት ቦታ፣ ስልክ የሚነገርበት ቦታ፣ ጠረጴዛ ያለው፣ የመስኮት ዳር፣ የመተላለፊያ ዳር፣ የሕፃናት ክፍል እያለ አማራጭ ይደረድርልኛል፤ ለእኛ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሰው ተቀምጦበት ባገኘውስ እንዴት ባለ አነጋገር ላስነሣው? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል።

ሐዲድ ወዳጅ

እህቴ፣ በሥራዬ ምክንያት በዚሁ መስመር በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ስለምመላለስ የማውቀውን ላካፍልዎ።

በጀርመን ቲኬትና ወንበር ሁለት የተለያዩ ግዢዎች ናቸው። ቲኬቱ በባቡሩ የመሳፈር መብት ይሰጣል እንጂ የመቀመጥ መብት አይሰጥም። በፈረንሳይ ፈጣን ባቡሮች ቲኬት የቆረጠ ሁሉ የወንበር ቁጥር አብሮ ስለሚሰጠው፣ ወንበሩ ሲያልቅ ሽያጩም ይቆማል። በጀርመን አይሲኢ እና አይሲ በሚባሉት የረጅም ርቀት ባቡሮች ግን ወንበር ማስያዝ በተጓዡ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ አንድ ባቡር ከወንበሮቹ ብዛት በላይ ሰው አሳፍሮ ሊሄድ ይችላል። ይህ አሠራር ለችኩል ሰው ጥሩ ነው፤ ያመለጠውን ባቡር ትቶ ቀጣዩን መያዝ ይችላልና። ዓርብ ከቀትር በኋላና እሑድ ማታ ግን ዋጋውን የሚከፍሉት ቆመው የሚሄዱት ናቸው። እርስዎም የመረጧቸው ሁለቱ ጊዜያት ከሳምንቱ ሁሉ በጣም የሚጨናነቁት ስለሆኑ፣ የወዳጅዎ ምክር ለሌላ ቀን ይቆይ።

በሁለተኛ ማዕረግ የማስያዣው ክፍያ ከጁን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ አቅጣጫ 5.50 ዩሮ ነው። ቲኬቱን አስቀድመው ገዝተው ከሆነም ወንበሩን ብቻ ለይቶ መግዛት ይቻላል፤ በጀርመን ባቡር ድርጅት (ዶቼ ባን) የስልክ መተግበሪያ፣ በድረ ገጹም ሆነ በጣቢያው የቲኬት ማሽን ላይ ይህ ምርጫ አለ። በአብዛኞቹ አይሲኢዎች የፉርጎው ሥዕል ወጥቶልዎ ወንበሩን በጣትዎ ነክተው መምረጥ ስለሚችሉ፣ ማሽኑ የሰጠዎትን ቁጥር ዝም ብለው አይቀበሉ።

ያዩት ጽሑፍ "ገገበነንፋልስ ፍራይጌበን" የሚል ነው፤ "አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ይልቀቁ" እንደማለት ነው። ወንበሩ ለጊዜው ያልተያዘ ቢመስልም፣ ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ወይም ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ሰው በስልኩ ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። ያ ወጣት ሃኖቨር ጣቢያ የመሳፈሪያ መድረክ ላይ ቆሞ ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ወንበር ተቀምጠው ሊሄዱበት ይችላሉ፤ ነገር ግን ለእናትዎ የሚታመንበት ቦታ አይደለም። ከዚህ በተለየ ሰሌዳው ላይ የሁለት ከተሞች ስም ተጽፎ ካዩ፣ ለምሳሌ "ሃኖቨር – ኮሎኝ" የሚል ከሆነ፣ ወንበሩ የተያዘው በእነዚያ ሁለት ከተሞች መካከል ብቻ ስለሆነ ከበርሊን እስከ ሃኖቨር ድረስ ማንም ሊቀመጥበት ይችላል።

አንድ ሕግ ግን በደንብ ይያዙ፦ ያስያዙት ወንበር የእርስዎ ሆኖ የሚቆየው ባቡሩ ካስያዙበት ጣቢያ ከተነሣ በኋላ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተቀመጡበት መብቱ ይቀራል። ስለዚህ በተሳሳተ በር ገብተው በአምስት ፉርጎ ውስጥ ሻንጣና ጋሪ እየጎተቱ ሲያልፉ ጊዜው እንዳያልቅብዎ፣ ከመሳፈርዎ በፊት ፉርጎዎ የት እንደሚቆም ይወቁ። መድረኩ ከ"ኤ" (A) ጀምሮ በላቲን ፊደላት የተከፋፈለ ነው፤ መተግበሪያው የፉርጎ ቁጥርዎ በየትኛው ፊደል አጠገብ እንደሚቆም ይነግርዎታል። አንዳንድ ጊዜ ባቡሩ የፉርጎዎቹ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይመጣል፤ ይህ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው ባቡሩ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በመሆኑ፣ ያን ጊዜ መድረኩ ላይ የሚታየው ግር ግር የእኛን አገር አውቶቡስ መናኸሪያ ያስታውሳል።

በእርስዎ መስመር ላይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ ነገር አለ። ከበርሊን ወደ ራይን ወንዝ አካባቢ የሚሄዱት ብዙዎቹ አይሲኢዎች ሁለት ባቡሮች ተቀጣጥለው የሚጓዙ ሲሆኑ፣ ሃም የምትባለው ከተማ ላይ ይለያያሉ። አንዱ በሃገንና በቩፐርታል በኩል ወደ ኮሎኝ፣ ሌላው በዶርትሙንድና በኤሰን በኩል ወደ ዱስልዶርፍ ይሄዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው በውስጥ መሸጋገር አይቻልም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላስተውል ቀርቼ፣ ባዶ ወንበር ያየሁበት ግማሽ ውስጥ ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝና ዶርትሙንድ ላይ ነቃሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በሩ ላይ መድረሻው ተጽፏል። ወንበር ያስያዘ ሰው የፉርጎ ቁጥሩ ራሱ ትክክለኛው ግማሽ ውስጥ ስለሚያስገባው ከዚህ ስሕተት ይድናል፤ 5 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ለዚህ ብቻ ቢከፈል እንኳ አያስቆጭም።

ሰው ለማስነሣት የሚጠቀሙበት ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ "እንትሹልዲጉንግ፣ ኢኽ ሃበ ሂር ረዘርቪርት" ይበሉ። "ይቅርታ፣ እዚህ ቦታ አስይዣለሁ" ማለት ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ሳይጨርሱት ይነሣሉ፤ እዚህ አገር ነገሩ እንደ ጠብ አይቆጠርም። እኔ መጀመሪያ ላይ አንዲት አዛውንት ከወንበሬ እንዲነሡ መጠየቁ ነውር ሆኖብኝ ዝም ብዬ ቆሜ ስሄድ፣ እርሳቸው ራሳቸው ቁጥሩን አይተው "ልጄ፣ ቦታህ ነው፣ ለምን አትናገርም?" ብለው ተቆጡኝ። አልነሣም የሚል ከገጠመዎ አይከራከሩ፤ ቲኬት ተቆጣጣሪውን ይጥሩ። የወንበሩ ሰሌዳ ተበላሽቶ ምንም ባያሳይም እንኳ መብቱ በስልክዎ ወይም በወረቀትዎ ላይ ባለው ቁጥር ይጸናል።

ብቸኛ ተጓዥ

ከላይ የተሰጠው ምላሽ ትክክል ነው፤ ሆኖም "ወንበር ሳያስይዙ መሄድ ሞኝነት ነው" የሚል ስሜት እንዳይተው ስለምሰጋ የሌላውን ወገን ልናገር። እኔ ብቻዬን፣ አንዲት ቦርሳ ይዤ፣ ብዙውን ጊዜ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ስለምጓዝ ለዓመታት ለወንበር ከፍዬ አላውቅም፤ ቆሜ የሄድሁበትም ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው።

ምስጢሩ ሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ መተግበሪያው ከእያንዳንዱ ባቡር አጠገብ ምን ያህል ሰው እንደሚጠበቅ በትንንሽ የሰው ምልክቶች ያሳያል፤ ከፍተኛ ወይም እጅግ ከፍተኛ ካለ ከአንድ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ያለውን እመርጣለሁ፤ ብዙ ጊዜም ቲኬቱ ራሱ ይረክሳል። ሁለተኛ፣ ሰዎች ከደረጃው እንደወጡ እዚያው ስለሚቆሙ የመካከለኞቹ ፉርጎዎች ሲጨናነቁ የዳርና ዳሩ ባዶ ሆነው ይቀራሉ፤ መድረኩን እስከ ጫፉ መራመድ ነው። ሦስተኛ፣ ሰሌዳውን አነባለሁ። ቢለፌልድ ላይ የምወርድ ከሆነ "ሃም – ኮሎኝ" የተባለው ወንበር ለእኔ እንዳልተያዘ ይቆጠራል።

ስለ 15 ደቂቃው ሕግም አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ ለሚቆመውም ሰው ይሠራል። የተያዘ ወንበር ባለቤቱ ሳይመጣ ሩብ ሰዓት ካለፈ፣ ለሌላ ሰው ክፍት ነው። ስለዚህ ባቡሩ እንደተነሣ ተስፋ ቆርጠው በሩ አጠገብ ከሚሰፍሩት አንዱ አልሆንም፤ ሩብ ሰዓት ጠብቄ አንድ ጊዜ ዞር ዞር እላለሁ። ጠያቂዋም ያን ጊዜ ሃኖቨር ላይ ከሻንጣቸው ተነሥተው እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ ምናልባት ተቀምጠው ይገቡ ነበር።

የሚከለከሉ የሚመስሉ ነገር ግን ያልተከለከሉ ወንበሮችም አሉ። "ባን ቦኑስ" የሚል ምልክት ያለባቸው ቦታዎች ብዙ በመጓዝ ደረጃ ላገኙ ደንበኞች ቅድሚያ የሚሰጡ ናቸው፤ ደረጃ የሌለው ሰው ሊቀመጥባቸው ይችላል፤ ባለ ደረጃው መጥቶ ሲጠይቅ ግን ይለቃል። ለአካል ጉዳተኞች የተለዩት ቦታዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ግን እኔ ሳልጠየቅ ነው የምነሣው።

ሌላው አማራጭ ፍሊክስትሬን ነው። አረንጓዴው የግል ባቡር ቲኬቱን ከወንበር ጋር ስለሚሸጥ ይህ ሁሉ ክርክር የለበትም፤ የጉዞዎቹ ቁጥር ግን ከአይሲኢ ጋር ሲወዳደር በጣም ትንሽ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ጠያቂዋ የእኔን መንገድ ይከተሉ ማለቴ አይደለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና ሕፃን ይዞ ዓርብ ማታ "እስቲ ዕድሌን ልሞክር" አይባልም። ወዳጅዎ የነገሩዎት ግን ውሸት አይደለም፤ ብቻውን በሥራ ቀን ለሚሄድ ሰው የተነገረ እውነት ነው።

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ የወንበሩን ዓይነት በሚመለከት ከወንዶቹ ይልቅ እኔ የምነግርዎ ይሻላል፤ ሁለቱንም ልጆቼን በአይሲኢ ላይ ነው ያሳደግኋቸው ማለት ይቻላል።

ልጅዎ ሦስት ዓመት ስላልሞላው ወይም ስላልሞላት "ክላይንኪንትአፕታይል" የሚባለው የሕፃናት ክፍል ይፈቀድላችኋል። በር ያለው ዝግ ክፍል ነው፤ ጋሪ የሚቆምበት ቦታ አለው፤ የሕፃን ዳይፐር መቀየሪያውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በሩ ሲዘጋ ልጁ ወለሉ ላይ ቢጫወት፣ ቢያለቅስም ማንም ፊቱን አያጠቁርብዎም፤ አብረዋችሁ ያሉትም እንደ እናንተው ልጅ የያዙ ናቸውና። ችግሩ በአንድ ባቡር ውስጥ የሚገኘው ወንበር ጥቂት በመሆኑ ቶሎ ያልቃል። ዛሬውኑ ይመልከቱት። ሌላው ችግር፣ እናትዎ በመንገድ ላይ ማሸለብ የሚወዱ ከሆነ፣ የሌላ ሰው ልጆች ያንን ዕድል አይሰጧቸውም።

ያ ካለቀ ሁለተኛው ምርጫ "ፋሚሊየንበራይኽ" የተባለው የቤተሰብ አካባቢ ነው፤ ዝግ ክፍል ሳይሆን የፉርጎው አንድ ወገን ነው። እርሱም ከሌለ አራት ወንበር ፊት ለፊት ተያይተው መካከላቸው ጠረጴዛ ያለበትን ቦታ ይያዙ። የጸጥታውን አካባቢ፣ "ሩኤበራይኽ" የሚባለውን፣ በፍጹም አይንኩት። እዚያ ስልክ ማናገር አይፈቀድም፤ ሰዎቹም ለዝምታው ሲሉ መርጠው የተቀመጡ ስለሆኑ የሁለት ዓመት ልጅ እዚያ ማስገባት ለእርስዎም ለእነርሱም ስቃይ ነው። አገር ቤት ሲደወልልን ድምፃችን ከፍ እንደሚል ደግሞ የምናውቀው ነው።

እናትዎን በመተላለፊያው ዳር ያስቀምጧቸው። መስኮቱ ያምራል፤ ነገር ግን ጉልበቱን የሚያመው ሰው እግሩን ለመዘርጋትም ሆነ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመነሣት የማንንም ጉልበት መሻገር የለበትም። ሥዕሉ ላይ ሲመርጡ ከመጸዳጃ ቤቱ ሁለትና ሦስት ረድፍ ራቅ ያለውን ይያዙ፤ በጣም ሲቀርብ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰላም የለም። የመስኮት ዳር ብለው የሚገዙትም ሁሉ መስኮት አይደለም፤ በሁለት መስኮቶች መካከል ያለው ግድግዳ ፊት ለፊት የሚገጥማቸው ወንበሮች አሉ። ጠረጴዛ ያለባቸው ቦታዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ መስኮት አላቸው።

ስለ ገንዘቡ፦ ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቲኬት አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ያለ ቲኬት የሚሄድ ልጅ የራሱ ወንበር የለውም ማለት ነው። አራት ሰዓት ተኩል ያህል ልጅ ታቅፎ መቀመጥ ቀላል አይደለምና ለእርሱም ያስይዙለት። ሦስት ወንበር በ5.50 ሲሰላ ለአንድ አቅጣጫ 16.50፣ ደርሶ መልስ 33 ዩሮ ይሆናል። ቀድሞ ለመላው ቤተሰብ እስከ አምስት ሰው ድረስ በ10.40 ዩሮ የሚያዝ የቤተሰብ ክፍያ ነበር፤ ከጁን 15 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። ልጆች ላሉን ሰዎች ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልንም፤ አራት ሰው ያለበት ቤት በአንድ ጊዜ ከ10.40 ወደ 22 ዩሮ ነው የገባው።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አላነሣውም፤ የአብዛኞቹ አይሲኢዎች መግቢያ የሚወጣ ደረጃ አለው። ባቡሩ ላይ ለመውጣትና ለመውረድ ጉልበታቸው የሚቸገር ከሆነ "ሞቢሊቴትስዘርቪስ" ወደሚባለው የእርዳታ ማዕከል ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት አስቀድመው ይደውሉ፤ ጣቢያው ላይ ሰው መጥቶ ያግዛችኋል። ሻንጣውን በሚመለከት፣ ጀርባ ለጀርባ በተቀመጡ ሁለት ወንበሮች መካከል የሚቀረው ክፍተት ትልቅ ሻንጣ ያስገባል፤ ከፉርጎው መግቢያ ከሚገኘው መደርደሪያ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ፤ ዕቃዬን እያየሁ እሄዳለሁና።

የበርሊኗ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሕፃናቱን ክፍል አሁን አየሁት፤ ዓርብ ሙሉ በሙሉ ተይዟል፤ እሑድ ግን ሁለት ወንበር ቀርቶታል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። እናቴ ጀርባቸውን ለጉዞው አቅጣጫ ሰጥተው ሲሄዱ ያጥወለውላቸዋል፤ ፊቱን ወደፊት ያዞረ ወንበር ብዬ ማስያዝ እችላለሁ? ባቡሩ ቢሰረዝ ወይም ሌላ ዓይነት ባቡር ቢመጣስ የያዝሁት ወንበር ምን ይሆናል?

ሐዲድ ወዳጅ

አቅጣጫውን ማስያዝ አይቻልም፤ ምክንያቱም ቀደም ብዬ እንዳልሁት ባቡሩ ራሱ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ ፍራንክፈርት፣ ሽቱትጋርት፣ ላይፕዚግና ሙኒክ ዋና ጣቢያዎቻቸው ሐዲዱ እዚያው የሚያበቃባቸው ስለሆኑ፣ በእነርሱ በኩል የሚያልፍ ባቡር በገባበት ይወጣል፤ እስከዚያ ፊቱን አዙሮ የመጣ ሰው ከዚያ በኋላ የኋሊት ይሄዳል። ከበርሊን በፍራንክፈርት በኩል ወደ ባዝል የሚሄዱ ሰዎች ይህ ሁልጊዜ ይገጥማቸዋል። የእርስዎ መስመር ግን በሃኖቨርና በሃም በኩል ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ስለሆነ በመካከሉ አይገለበጥም። መፍትሔው ከላይ በተነገረው ጠረጴዛ ላይ ነው፦ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩ ወንበሮችን ይያዙ። ባቡሩ በየትኛውም በኩል ቢመጣ ከወንበሮቻችሁ አንዱ የግድ ወደፊት ያያል፤ እናትዎ እዚያ ይቀመጣሉ፤ እርስዎ የኋሊት ይሄዳሉ። ለሦስት ሰው ሲሆን ሁለቱን የመተላለፊያ ዳር ወንበሮችና አንዱን የመስኮት ዳር ይምረጡ፤ ያን ጊዜ እናትዎ በማንኛውም አቅጣጫ የመተላለፊያ ዳር ያገኛሉ።

ስለ መሰረዙ፣ የተያዘው ወንበር ለዚያ ባቡር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ወደ ሌላ ባቡር ሲቀየሩ አብሮ አይዛወርም። ወደ መድረሻዎ ቢያንስ 20 ደቂቃ እንደሚዘገዩ ከታወቀ፣ ለአንድ ባቡር ብቻ የተገዛው ርካሹ ቲኬት እንኳ ከባቡሩ ነጻ ይወጣና በሌላ ባቡር መሄድ ይችላሉ፤ ወንበር ግን እንደገና መፈለግ ይኖርብዎታል። እኔ እንዲህ ሲሆን ቆሜ መልስ አልጠብቅም፤ ወዲያውኑ በስልኬ በቀጣዩ ባቡር ወንበር እይዛለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ መቶ ሰው ያንኑ ያስባልና። ያልተጠቀሙበትን የመጀመሪያውን ክፍያ ደግሞ ከጉዞው በኋላ ከቲኬቱ ካሳ ጋር አብረው ማስመለስ ይችላሉ። ካሳው መድረሻ ላይ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለዘገየ የቲኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለዘገየ 50 በመቶ ነው።

ሌላ ዓይነት ባቡር ከመጣ የወንበር ቁጥሩ ላይገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ሻንጣ ይዘው ከመዘዋወርዎ በፊት እናትዎን ባገኙት ባዶ ወንበር አስቀምጠው ተቆጣጣሪውን ያነጋግሩ። ሁኔታውን ሲያዩ አብዛኞቹ ቦታ ፈልገው ይሰጣሉ።

ብቸኛ ተጓዥ

ፊት ለፊት የተያዩትን ወንበሮች ሐሳብ በበኩሌ አላሰብሁትም ነበር፤ ጥሩ ነው። አንዲት ነገር ብቻ፦ ከተቀመጡ በኋላ መተግበሪያው ውስጥ "ኮምፎርት ቼክ-ኢን" የሚለውን ቢጫኑ፣ ቲኬትዎ እንደታየ ተቆጥሮ ተቆጣጣሪው ስለማይጠይቅዎ ልጁ ቢተኛ አይቀሰቀስም።

የበርሊኗ

አስያዝሁ። ለዓርብ ጠረጴዛ ያለበት ቦታ፣ ሁለት የመተላለፊያ ዳርና አንድ የመስኮት ዳር ወንበር፣ ሦስቱም በአንድ ፉርጎ ውስጥ፤ የፉርጎ ቁጥሩ የኮሎኙ ግማሽ መሆኑንም አረጋገጥሁ። ለእሑድ በሕፃናቱ ክፍል የቀሩትን ሁለት ወንበሮች ወሰድሁ፤ ልጁ በጉልበቴ ላይ ወይም ወለሉ ላይ ይሆናል። በጠቅላላው 27.50 ዩሮ ሆነ። ለእናቴ "እንትሹልዲጉንግ" የሚለውን ላስተምራቸው ስሞክር፣ "አንቺው ተናገሪ፣ እኔ ከኋላሽ ቆሜ ፊቴን አኮሳትራለሁ" ብለውኛል።